ለቅሶ ያልደረሱት የእሳት ራቶች

«ዝግ ነው!» አለች በሩ ላይ የቆመችው ወጣት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ። «ቲኬት የለም። ቢራቢሮ የለም። ፎቶም የለም። ሰው ሞቶብናል፤ ይመለሱ።»

«ቢራቢሮ ለማየት አልመጣሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ትናንት አንዱ ሽንት ቤት ብሎኝ ገብቶ፣ አባቴ የወደቀበትን ድልድይ ፎቶ ሲያነሳ ነው የያዝኩት።»

«የሞቱት አባትሽ ናቸው?»

«አዎ። ምነው፣ ከእኔም ጋር ሊነሱ ነው?»

እንግዳዋ ከእጅ ቦርሳዋ መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠቻት። ወጣቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መታወቂያውን ትታ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። መርማሪ ሲሉኝ ረዘም ያለ ሰው ነበር የጠበቅሁት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች መርማሪዋ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መርፌ» ይሏታል። አንድም ስለ ቁመናዋ ነው፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ሰው መሃል ብትገባ የማትታይ። አንድም ስለ ሥራዋ ነው፤ መርፌ የት እንደነበረ የሚታወቀው ከወጋ በኋላ ነውና። ቁጣዋም ለብቻው ነው። አትጮህም፤ ጠረጴዛ አትደበድብም። ሲብስባት ድምጿ ይቀንሳል። ያኔ የሚያውቋት ሁሉ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ይቀመጣሉ።

ወደ ሸለቆው ልትራመድ ስትል ወጣቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ካልሲ።»

«የምን ካልሲ?»

ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ምስማሮች ተደርድረዋል። በየምስማሩ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተሰፋ ሰፋፊ ካልሲ ተንጠልጥሏል። «ጫማ ላይ ነው የሚጠለቀው። ኮቴ እንዳይሰማ። አባቴ ያለ ካልሲ ማንንም አያስገባም። ሚኒስትር መጥቶ አጥልቋል። አንዲት ሙሽራ በነጭ ጫማዋ ላይ አጥልቃ ስታለቅስ ውላለች።»

«ዛሬ እንኳ ማን ያየናል?»

«እኔ አያለሁ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አጠለቀች። ቀና ስትል ነው በመጀመሪያው ምስማር ላይ ያለውን ያየችው። ከሁሉም ያረጀ፣ ተረከዙ የተጣፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሱ። ያን ዕለት ማምሻውን በሩን ስቆልፍ እዚያው ነበር፤ ጠዋት ስከፍትም እዚያው ነበር። የበሩ ቁልፍ ይኸው አንገቴ ላይ ነው፤ ሌላ የለውም። ይህንን ለሳጅኑ ብነግረው ምን አለኝ? ‹ሰካራም ደግሞ ምን ካልሲ ያስታውሳል!›» ወጣቷ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በንዴት ጨበጠች። «አባቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ‹ጠጥቶ ወድቆ› ተብሎ እስከተጻፈ ድረስ አስከሬኑን አልረከብም ብያለሁ። ዘመዱ ሁሉ ‹ይብቃሽ፣ ሟች ይረፍ› ይለኛል። አይበቃኝም! ሰካራም ነበር አስብዬ አልቀብረውም።»

«ያን ዕለት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጣልተን ነበር። ‹የእሳት ራቶቹ ከታችኛው ሸለቆ እየጠፉ ነው፣ የት እንደሚሄዱ ሳላውቅ አልተኛም› ሲለኝ፣ ‹ይጥፉ! አንተም እረፍ!› አልኩት። ኮቱን ለብሶ በመንገዱ በኩል ወጣ። እኔ በሩን ቆልፌ ገባሁ። ያ ነው የመጨረሻው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸለቆውን ያስጠራው የእሳት ራት ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ቢራቢሮ እያለ ይጠራቸዋል። በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ በብዙ ሺህ ሆነው ይመጡና ወንዙ ዳር ካለው ጥላ ያርፋሉ። ክንፋቸውን አጥፈው ግንድ ላይ ሲለጠፉ ከቅርፊቱ አይለዩም። የደነገጡ እንደሆነ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ፤ ያን ጊዜ የውስጥ ክንፋቸው ቀይ ሆኖ ይገለጥና ሸለቆው እሳት የተያያዘ ይመስላል። ጎብኚው የሚመጣው ያንን ቀይ ሊያይ ነው። ስለዚህ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ ሲብስበት ድንጋይ ይወረውራል። የእሳት ራቶቹ ደግሞ እዚያ የሚቀምሱት የላቸውም፤ እንቁላል እስኪጥሉ የሚኖሩት ይዘውት በመጡት ጉልበት ነው። በተነሱ ቁጥር ከዚያው ይቀነሳል። ካለቀ አለቀ።

ሟቹ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይህን ሲከለክሉ ነው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሲዞሩ ስለሚውሉ ሰው «አባ ዝም» አላቸው፤ ስሙም ያዘ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ከእንጨቱ ድልድይ ሥር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ዳር፣ ግንባራቸው ድንጋይ መትቶ በሆዳቸው ተዘርግተው ተገኙ።

አስከሬኑ ባለበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሳጅኑ ከአንድ ነርስ አጠገብ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ በቀላሉ የሚያልበው ሰው ነው።

«ጠጥተዋል ያለህ ማነው?» አለችው።

«ሽታው ነዋ፣ ኢንስፔክተር። ገና ስጠጋ ነው አፍንጫዬን የመታኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው ነው፤ የደበቁት ሁሉ ያን ቀን ወጣ።»

«ሽታው ከየት ነው የመጣው?»

«ከ... ከሳቸው።»

«ከአፋቸው?»

ሳጅኑ ነርሱን አየ። ነርሱ ጣሪያውን አየ።

«ከኮታቸው ይመስለኛል» አለ ነርሱ።

«አፋቸውን ያሸተተ አለ?»

ሳጅኑ ኮፍያውን እንደገና ማሽከርከር ጀመረ። የመርማሪዋ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ኮት መጠጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ኮቱን ጠረጴዛ ላይ አስዘረጋችው። ጥቁር፣ ወፍራም ኮት ነው። በደረቱ በኩል ውሃ ቢነካውም አይሸትም። ጀርባውና ግራ ትከሻው ግን ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል። አፍንጫዋን አስጠጋች። አልኮል ነው፤ ከአልኮሉ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፣ ጣፋጭ፣ ትንሽ የኮመጠጠ። ጨርቁ ላይ የተሰባበሩ ክንፎች ተጣብቀዋል። በክንፎቹ መሃል አንዲት ቀጭን ነገር፣ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የጎበጠች፣ ብርሃን የምታሳልፍ። በወረቀት ጠቅልላ ያዘቻት። የላይኛው አዝራር ቦታ ላይ ደግሞ የቀረው የተበጠሰ ቀይ ክር ብቻ ነበር።

«ጥቁር ኮት ላይ ቀይ ክር?»

«ጥቁር ክር አልቆብኝ ነው» አለች ልጅቱ ከበሩ ሳትገባ። «ስሰፋለት ተቆጥቶኝ ነበር። ‹እኔንም የእሳት ራት አስመሰልሽኝ!› ብሎ።»

«አዝራሩን ከውሃው ፈልገሃል?» አለች መርማሪዋ ወደ ሳጅኑ ዞራ።

«ለአንድ አዝራር፣ ኢንስፔክተር?»

«ለአንድ ሰው።»

ሳጅኑ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዝ ገባ። ድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ጥርት ያለና ጸጥ ያለ ነው፤ ጠጠሩ እንኳ ይቆጠራል። አዝራሩ ግን አልተገኘም።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው አስጎብኚው ነበር። ቀጭን ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ሌላው መንደር ይሰማል።

«አባ ዝም ‹ጭብጨባ› ነበር የሚሉኝ፤ ‹ጭብጨባ መጣ፣ ጆሯችሁን ድፈኑ!›» አለ፣ ሊስቅ ጀምሮ አልሆነለትም። «በዋዜማው ፊሽካዬን ቀሙኝ። ቢጠረጥሩኝ አይፈረድብዎትም። የኔን ያህል ከሳቸው ጋር የተሰዳደበ የለም። ያን ዕለት ግን በሩ ሳይቆለፍ ጎብኚዎቼን ይዤ ከተማ ወርጃለሁ፤ ሆቴል አድርሻቸው እዚያው ነው ያደርኩት። ይጠይቋቸው።»

«ጠይቄያለሁ። ጠዋት ምን አየህ?»

«ኮታቸው አይታይም ነበር። የእሳት ራት ለብሰው። ብርድ ልብስ ያለበሷቸው ነው የሚመስለው። እኔ... አጨበጨብኩ።»

«አጨበጨብክ?»

«እንዲነሱላቸው ብዬ! ምን ላድርግ፣ ሌላ የማውቀው የለኝ! አልተነሱም። አንዱም አልተነሳም። ጉድ ነው እኮ፣ እኔ አጨብጭቤ ያልተነሳ የእሳት ራት በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ ከሸለቆው በላይ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደረሰና ‹ተዋቸው ልጄ፣ እያለቀሱለት ነው፤ ለቅሶ ደርሰው ነው› አለኝ። እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

በመርማሪዋ ልብ አንድ ነገር ተቆጣ። የእሳት ራት ለቅሶ አይደርስም። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደርስም።

ዙሪያዋን አየች። ከድልድዩ በአንዱ ጫፍ ከዋናው በር የሚመጣው የእግር መንገድ አለ። በሌላው ጫፍ ሣር የበቀለበት የድንጋይ ደረጃ ሽቅብ ይወጣል።

«ያ ደረጃ ወዴት ነው?»

«ወደ እንግዳ ማረፊያው ማድ ቤት። ጎብኚ አይሄድበትም። የላዩ በር ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

በእንግዳ ማረፊያው ፎቅ አንዲት ተመራማሪ ክፍል ተከራይታ ተቀምጣለች፤ ሥራዋ እነዚሁ የእሳት ራቶች ናቸው። አልጋዋ ላይ መረብ፣ ወንበሯ ላይ መረብ። መርማሪዋ የምትቀመጥበት ስላጣች ቆማ ጠየቀቻት።

«ተጨብጭቦለት የማይነሳ የእሳት ራት ምን የሆነ ነው?»

ተመራማሪዋ የያዘችውን ማጉያ መነጽር አስቀመጠች።

«የሰከረ።»

«አልገባኝም።»

«የበሰበሰ ሙዝ ከቢራ ጋር ፈጭተን ግንድ ላይ እንቀባለን። ለጥናት ነው። ከሩቅ ሸትቷቸው ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ቢነኳቸውም አይንቀሳቀሱም። እዚህ ግን አንዴ ብቻ ነው የሞከርኩት። አባ ዝም ደርሰውብኝ ማሰሮውን ራሴ ላይ ሊደፉት ነበር። ‹የተራበ እንግዳ መጠጥ ታጠጪያለሽ? በቁሙ እኮ ነው የምትገድዪው!› አሉኝ። ለሳምንት አኮረፍኳቸው። ግን እውነታቸውን ነበር፤ የሰከረ የእሳት ራት እንቁላል ሳይጥል ይሞታል።» ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «እኔን እየጠረጠሩ ነው?»

መርማሪዋ ወረቀቱን ፈትታ አሳየቻት። ተመራማሪዋ ቁራጯን በመቆንጠጫ አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘቻት።

«ይሄ ሙዝ አይደለም። የብርቱካን ልጣጭ ነው። በስኳር የበሰለ።»

«የማድ ቤቱን በር ቁልፍ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ውሃ ለማፍላት እንኳ አስፈቅጄ ነው። ቁልፎቹ ከባለቤቱ ወገብ ወርደው አያውቁም።» ዓይኗ ከመስኮቱ አልተመለሰም። ከታች የእንግዳ ማረፊያው ሰፊ በረንዳ ይታያል። ነጫጭ የነበሩት የእንጨት ምሰሶዎቹ ግራጫ ሆነዋል፤ ግራጫው ደግሞ ይተነፍሳል። «ሁለት በጋ ሙሉ ከታች ለምን ጠፉ እያልኩ ሙቀቱን ስከስ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። መረቡን ወደ ግድግዳው ወረወረችው። «ከአፍንጫዬ ሥር!»

ባለቤቱ መርማሪዋን በረንዳ ላይ ተቀበላት። የሟቹ ሚስት ወንድም ነው፤ ለልጅቱ አጎቷ። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ለስላሳ። ሻይ፣ ዳቦና ማርማላታ አቀረበላት። አጠገቡ ቀለሙ ያልደረቀ አዲስ ታፔላ ወንበር ተደግፎ ቆሟል፤ «ቢራቢሮዎች ያለቀሱለት ሸለቆ» ይላል።

«ለመታሰቢያው ነው» አላት፣ ስታነበው አይቶ። «ነገ ትልቅ ቡድን ይመጣል። ጥሩ ታሪክ ሰው ይወዳል።»

«ገና አልተቀበሩም እኮ።»

«ልጅቱ ናታ! እምቢ አለች። እኔ የእህቴን ባል ገመና ማውጣት አልፈልግም፤ ግን ደብቆ ይጠጣ ነበር። ምን ይደረጋል፣ ከሞት የሚያመልጥ የለም። ይብሉ እንጂ! ማርማላታው የራሳችን ነው፣ ከጓሮ ብርቱካን። ነፍሷን ይማረውና እህቴ ናት ያስተማረችኝ።»

መርማሪዋ ዳቦዋ ላይ ቀባች። በማርማላታው ውስጥ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የጎበጡ ልጣጮች ያበራሉ። ቀመሰች።

«ይጣፍጣል። እንግዳ በሳህን የሚተወውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«በዚህ ቤት የሚጣል ነገር የለም!» ደረቱን ነፋ። «ለሠራተኛ ቢተው ሁሉም ገደል ነው የሚገባው። የማርማላታውን ትራፊ፣ ብርጭቆ ውስጥ የቀረውን መጠጥ ሳይቀር እኔው ነኝ የምሰበስበው። ማድ ቤቱንም ዕቃ ቤቱንም ራሴ ነኝ የምቆልፈው፤ አለዚያ ስኳሩ እግር ያወጣል።»

«ትራፊውን ለምን ያውሉታል?»

እጁ ኩባያው ላይ ቆመ። «ለንብ።»

«ቀፎው የት ነው?»

«ገና... ላሠራ ነው።»

«መልካም» አለች። ድምጿ በጣም ዝቅ ብሎ ስለነበር ባለቤቱ ጆሮውን አስጠጋ። «ከሰዓት በኋላ እዚሁ እንገናኝ። ሁላችንም።»

ሁሉም መጡ። ልጅቱ ከአጎቷ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አስጎብኚው እጆቹን ብብቱ ሥር ደብቋል። ተመራማሪዋ ባለቤቱን ማየት አልቻለችም፤ ባየችው ቁጥር በንዴት ትቀላለች። መርማሪዋ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሳጅኑ እንዲሰጥ ባለቤቱን ጠየቀችው።

«መጥረጊያና ባልዲ ለማየት?» አለ እየሳቀ፤ ቢሆንም ሰጠ። እምቢ የሚባልበት ቦታ አልነበረም።

ሳጅኑ ሲሄድ መርማሪዋ ወደ አንዱ ምሰሶ ተጠጋች። ከዚያ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እጇን ከፍ አድርጋ አጨበጨበች።

«እንዴ!» ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «አባቴ ሳይቀበር!»

«ተመልከቺ።»

ልጅቱ ተመለከተች። ምሰሶው ላይ ከነበሩት አንድም አልበረረም። አንዱ እግሩ ከድቶት ወለሉ ላይ ወደቀና በጀርባው ተንፈራገጠ።

«በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰካራም አለ ተብሎ ተጽፏል» አለች መርማሪዋ። «እውነት ነው። ሰካራሞቹ እነዚህ ናቸው።

«ከካልሲው ልጀምር። አባ ዝም ሚኒስትር ያስጠለቁ ሰው ናቸው። ካልሲያቸው ምስማሩ ላይ ነበር፤ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ልጃቸው አንገት ላይ ነበር። ስለዚህ በበሩ አልገቡም። ወደ ድልድዩ የሚወስድ ሌላ መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ የማድ ቤቱ ደረጃ። ሰካራም ስለነበሩ አይደለም ካልሲ የረሱት፤ ሸለቆ እገባለሁ ብለው ስላልወጡ ነው። የወጡት በመንገዱ በኩል፣ የእሳት ራቶቹ የት እንደሚሄዱ ሊያዩ ነው። አዩም። እዚህ በረንዳ ላይ።

«ቀጥሎ ኮቱ። የሚጠጣ ሰው ደረቱ ላይ ያፈሳል እንጂ ጀርባው ላይ አያፈስም። ጀርባቸው ላይ የፈሰሰው መጠጥ፣ ስኳርና የብርቱካን ልጣጭ ነው። የእሳት ራቶቹ ሌሊቱን ሙሉ የለበሷቸው ለቅሶ ደርሰው አይደለም። ኮታቸውን እየላሱ ነው። አስጎብኚው ሲያጨበጭብ ያልተነሱትም ስለሰከሩ ነው።»

«ይህን መቀባት የሷ ሥራ አይደል እንዴ?» አለ ባለቤቱ ወደ ተመራማሪዋ እየጠቆመ። «ራሷ ነግራኛለች!»

«አዎ፣ ነግሬሃለሁ!» ተመራማሪዋ ጮኸች። «እራት ላይ ስትጠይቀኝ፣ ሥራዬ የሚያስደስትህ መስሎኝ!»

«እሷ በሙዝ ነው የምትሠራው» አለች መርማሪዋ። «የማድ ቤቱም ቁልፍ የላትም። አስጎብኚው ከተማ ነበር። የብርቱካኑን ትራፊና የብርጭቆውን ትራፊ አንድ ላይ የሚሰበስብ፣ በሩንም የሚቆልፍ ሰው አንድ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ በኩራት። የእሳት ራቱ ወደ በረንዳዎ ከመጣልዎ ጎብኚ ቁልቁል መውረድ የለበትም፣ ካልሲ ማጥለቅ የለበትም፣ ዝም ማለት የለበትም። ሻይ እየጠጣ ፎቶ ያነሳል።»

«ወሬ ነው! ማስረጃ የለም!»

ሳጅኑ ከማድ ቤቱ በኩል ባልዲ ተሸክሞ መጣ። ውስጡ እስከ ግማሽ የሚደርስ ወፍራም ቡናማ ነገር አለ፤ የቀለም ቡሩሽ ተተክሎበታል።

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ እጅጌዋን እየጠቀለለች፣ «ያን ምሽት ይህን ወንዝ ውስጥ ደፍቶ ባልዲውን ያጥበው ነበር። በዚህ ቤት ግን የሚጣል ነገር የለም።»

እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ታችኛውን ጠረገች፣ ጠርዙን ዳሰሰች። ስታወጣው በጣቶቿ መሃል ጥቁር አዝራር ነበረ፤ ከአዝራሩ የተንጠለጠለ ክር፣ ማርማላታው እየተንጠባጠበለት፣ ቀይ።

ልጅቱ ቀርባ ክሩን በጣቷ ነካችው።

«አባ ዝም፣ እርስዎ ለመቀባት በከፈቱት በር ማድ ቤት ገቡ፣ ባልዲውን አገኙ» አለች መርማሪዋ። «አነሱትና ወንዝ ሊደፉት በደረጃው ወረዱ። እርስዎ ተከተሏቸው። ድልድዩ ላይ ተጓተታችሁ፤ ባልዲው ትከሻቸው ላይ ፈሰሰ፣ አዝራራቸው ተበጥሶ ባልዲው ውስጥ በቀረው ገባ። ከዚያ ገፉ። እስከዚህ የንዴት ሥራ ነው። ባልዲውን ይዞ ሽቅብ መውጣት፣ በሩን መቆለፍ፣ ጠዋት ተነስቶ ‹ደብቆ ይጠጣ ነበር› ማለት ግን የንዴት ሥራ አይደለም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብሎኝ ነበር ሳጅኑ። ይኸው፣ አወጣው።»

«ሸለቆውን ሊያዘጋብኝ ነበር!» ለስላሳው ድምፅ ተቀደደ። «‹ነገ አመለክታለሁ፣ በረንዳህን አስፈርሳለሁ› አለኝ! ለትል! ለክንፍ ላወጣ ትል! የእህቴን ዕድሜ በዝም በይ የጨረሰ ሰው! ገፋሁት፣ አዎ፣ ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም። አልጮኸም እኮ! አንድ ቃል አልወጣውም። ደህና መስሎኝ...»

«አጎቴ» አለች ልጅቱ። «ይተነፍስ ነበር?»

አጎቷ ወደ ታፔላው ዞረ።

«አንተን ነው የምጠይቅህ! አባቴ ይተነፍስ ነበር ወይ?»

«...ያቃስት ነበር» አለ። «ቀስ ብሎ።»

መርማሪዋ እጇን በመሐረብ ጠረገች። «እርስዎ» ማለቷን ትታ ነበር፤ ስትናገርም የሰማት አጠገቧ ያለው ብቻ ነው።

«እሳቸው በዚያ ሸለቆ ውስጥ ጮኸው አያውቁም። አንተ ግን መጮህ ትችል ነበር።»

ሳጅኑ ባለቤቱን በመንገዱ በኩል ይዞት ወረደ። መኪናው ጋ ሲደርስ ሪፖርቱን አውጥቶ «ጠጥቶ» የሚለውን ቃል ሰረዘ፤ ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቆማ ሌላ ወረቀት አስጻፈችው። ልጅቱ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ፈረመች። አባቷ በማግስቱ ተቀበሩ። አስጎብኚው ከቀብሩ ሲመለስ ፊሽካውን አልጠየቀም። ልጅቱ ከተመራማሪዋ ጋር ሆና የበረንዳውን ምሰሶዎች በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበች፤ ታፔላውን ገለበጠችና በጀርባው «ዝግ ነው» ብላ ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለችው።